ሥዕሉ ያለው የት ነው? ጠጠር፣ ወርቅና የቅዱሳት ሥዕላት ሙግት

በዮርዳኖስ፣ ከማዳባ ከተማ ብዙም በማይርቀው የማዒን መንደር፣ ኮረብታ ላይ የአንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ወለል ተገኝቷል። ወለሉ የተነጠፈው በ719 ወይም በ720 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በጥቃቅን ባለቀለም ጠጠሮች የተሠራው ሥዕል ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ መጪው የሰላም ዘመን ያየውን ራእይ፣ አንበሳ እንደ በሬ ገለባ የሚበላበትን ቀን ያሳይ ነበር። የነቢዩ ቃል በግሪክኛ ፊደል ዛሬም እዚያው ይነበባል። በሬው ግን የለም፤ በቦታው ዛፍ ቆሟል። ጠጋ ብሎ ለሚመለከት ሰው ከዛፉ ዙሪያ የሰኮናና የጅራት ቅሪት ይታያል። አንድ ሰው በሬውን ለቅሞ አንሥቶ በምትኩ ዛፍ ተክሏል ማለት ነው።

በዚያው አካባቢ ኡም አር-ረሳስ በተባለው የፍርስራሽ ከተማ የሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ወለል ደግሞ ከዚህ የባሰ እንቆቅልሽ ይዟል። የፍራንቸስካን መነኩሴና አርኪዮሎጂስት የነበሩት ሚኬሌ ፒቺሪሎ በ1986 ያወጡት ይህ ወለል ዛሬ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዙሪያው ኢየሩሳሌምን ጨምሮ በዮርዳኖስ ወንዝ ግራና ቀኝ ያሉ ከተሞች ከነግንባቸው፣ ከነአብያተ ክርስቲያናታቸውና ከነስማቸው ተሥለዋል። በመካከሉ አዳኞች፣ ዓሣ አጥማጆችና ወለሉን ያሠሩ በጎ አድራጊዎች ነበሩ። ከተሞቹ አሁንም አሉ፤ የበጎ አድራጊዎቹ ስምም አለ። ሰዎቹ በነበሩበት ቦታ የሚታየው ግን የተደበላለቀ የጠጠር ክምችት ነው። ጠጠሮቹ ከነበሩበት ተነቅለው፣ ተደባልቀው፣ እዚያው ጉድጓዳቸው ውስጥ ያለ ቅርጽ ተመልሰው ተተክለዋል።

ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ ነው። ሥዕሉ ከመፍረሱ በፊት የነበረው ጠጠር ከፈረሰም በኋላ አለ። ቀለሙ አልተለወጠም፣ መጠኑ አልጎደለም፣ ቦታውንም አልለቀቀም። የጠፋው አደራደሩ ብቻ ነው። ታዲያ ሥዕሉ የነበረው የት ነው? በድንጋዩ ውስጥ ከነበረ፣ ድንጋዩ ይኸው አለ። በድንጋዩ ውስጥ ካልነበረ ደግሞ ምእመናን ለዘመናት የተሳለሙት፣ አንዳንዶችም ስለ እርሱ የተገረፉለትና የተሰደዱለት ነገር ምን ነበር? በስምንተኛውና በዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ ክርስቲያኖች በዚህ ጥያቄ ተከፋፍለው ከመቶ ዓመት በላይ ተሟግተዋል። በእንጨት ላይ የተሣለውም፣ በግድግዳ የተቀባውም፣ በጨርቅ የተጠለፈውም የሙግቱ አካል ነበር። ጥያቄውን እንደ ሞዛይክ ጥርት አድርጎ የሚያቀርብ ግን የለም፤ ሞዛይክ አንድ በአንድ ሲታዩ ምንም ከማይመስሉ ቁርጥራጮች ይሠራልና።

የወለሉን አሠራር ማወቅ አፍራሹ ምን ያህል እንደደከመ ያሳያል። ሮማዊው የግንባታ ሊቅ ቪትሩቪየስ እንደጻፈው፣ መሬቱ ተደልድሎ በመጀመሪያ ከጭብጥ የማያንስ ድንጋይ ይነጠፍበታል። በላዩ ሦስት እጅ ጠጠር ከአንድ እጅ ኖራ ጋር ተደባልቆ ይደቀደቃል። ከዚያ የተፈጨ ሸክላ በኖራ ተለውሶ ይከተላል። በመጨረሻ ስስ የኖራ ልስን ተቀብቶ፣ ሳይደርቅ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይተከላል፤ ክፍተቱ ተሞልቶም ገጹ እስኪስተካከል ይፈጋል። እንዲህ የተሠራን ሥዕል ማጥፋት የፈለገ ሰው መዶሻ ቢያነሣ ሥራው ባጭር ጊዜ ያልቅለት ነበር። የዮርዳኖስ ሰዎች ግን ጠጠሩን በሥርዓት ነቅለው፣ አዲስ ኖራ አብኩተው፣ ወለሉ ጎርበጥ እንዳይል አድርገው መልሰው ተክለውታል። ይህ በቁጣ የመጣ ሰው ሥራ አይደለም። ሙያውን የሚያውቅ ወይም ሙያተኛ የቀጠረ፣ ወለሉን በማግስቱ ለጸሎት የሚፈልገው ሰው ሥራ ነው። ብዙ ሊቃውንት አፍራሾቹ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ራሳቸው ነበሩ የሚሉትም ስለዚህ ነው።

ለምን አደረጉት? ከ721 እስከ 723 ባለው ጊዜ ሁለተኛው የዚድ የተባለው የኡመያድ ኸሊፋ ሕያዋን ፍጥረታትን የሚያሳዩ ሥዕሎች እንዲጠፉ አዘዘ ተብሎ ተጽፏል። ትእዛዙ ብቻውን ሁሉን አያስረዳም፤ ሰውና እንስሳ እየለዩ በጥንቃቄ የነቀሉት እጆች ከፊል ፍርሃት፣ ከፊል እምነት እንደነበራቸው መገመት ይቻላል። ከሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ገበያ የሚውሉ፣ በአንድ ቋንቋ የሚነጋገሩ ክርስቲያኖች «ለሥዕል ትሰግዳላችሁ» የሚለውን ነቀፋ ዘወትር ይሰሙ ነበር። ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ሥራውን አላቆመም። በ756 የመቅደሱ ወለል እንደገና ሲነጠፍ ባለሙያዎቹ ስማቸውን ትተዋል፦ የዛዳ ልጅ ስታውራኪዮስ፣ የሐሴቦን ሰው፣ ከባልደረባው ከኤውሬሚዮስ ጋር። በዚህ አዲስ ወለል ላይ ሰውም እንስሳም የለም፤ የሐረግና የማዕዘን ውበት ብቻ ነው።

የየዚድ ቤተሰብ ራሱ ከሞዛይክ ጋር የነበረው ግንኙነት ጥልቅ ነው። አባቱ አብዱልመሊክ በ691 ወይም በ692 በኢየሩሳሌም ያስፈጸመው የዐለቱ ጉልላት ውስጡ በወርቅና በመስተዋት ጠጠር የተሸፈነ ነው። ወንድሙ አል-ወሊድ ከ706 ጀምሮ ያሠራው የደማስቆ ታላቅ መስጊድ ግቢ ግድግዳ ላይ ወንዝ ይፈስሳል፣ ግዙፍ ዛፎች ያብባሉ፣ ባለብዙ ፎቅ ቤተ መንግሥታት ይታያሉ። ሰው ግን አንድም የለም። በዚያ ግድግዳ ፊት የቆመ ሰው ምስኪን ሥራ አያይም፤ የጎደለ ነገርም አይሰማውም። ፈጣሪን በፍጥረት ውበት ማመስገን የመረጠ፣ የፍጡርን መልክ ግን ከአምልኮ ቦታ ያራቀ እምነት ሙሉ መልስ ነው። የክርስቲያኑን ሙግት በቁም ነገር የሚወስድ ሁሉ ይህንንም መልስ በቁም ነገር መውሰድ አለበት።

አይሁድም ለጥያቄው አንድ መልስ ብቻ አልሰጡም። በ1928 በኢይዝራኤል ሸለቆ ቦይ ሲቆፍሩ የነበሩ ገበሬዎች ያገኙት የቤት አልፋ ምኵራብ ወለል የስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ የሠሩትም ማሪያኖስና ልጁ ሐኒና ናቸው። ወለሉ ላይ አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ ቢላዋ ይዟል፤ ከሰማይ እጅ ወርዳለች። በመካከሉ ደግሞ በአራት ፈረስ የሚሳብ የፀሐይ ሠረገላ፣ በዙሪያውም ዐሥራ ሁለቱ የከዋክብት ምልክቶች አሉ። የተቀረጸ ምስል አታድርግ የሚለውን ሕግ በየሰንበቱ የሚያነብ ማኅበር በዚህ ላይ ቆሞ ይጸልይ ነበር። ኢያሪኮ አጠገብ ባለው በናዓራን ምኵራብ ግን ተመሳሳይ ወለል የሰውና የእንስሳ ሥዕሎቹ ተነቅለውበታል፤ የዕብራይስጥ ፊደላቱ ግን አልተነኩም።

ወለል የራሱ አመክንዮ አለው፤ ይረገጣል። የሚረገጥ ነገር አይመለክም፤ ስለዚህ በወለል ላይ ፀሐይንም አንበሳንም ማስፈር ለብዙዎች አስጊ አልነበረም። በተቃራኒው የቅዱስ ነገር መረገጥ ነው የሚያስጨንቀው። ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ በ427 የክርስቶስ ምልክት በወለል ላይ እንዳይሠራ በሕግ የከለከለው ለዚህ ነው። ክርክሩ እየጠነከረ የሄደው ሥዕሉ ከእግር በታች ተነሥቶ ከዓይን በላይ፣ ወደ ግድግዳውና ወደ መቅደሱ ክብ ጣራ ሲወጣ ነበር። እዚያ ሲደርስ ቁሱም አብሮ ተለወጠ፤ ድንጋይ ለመስተዋት ቦታ ለቀቀ።

መስተዋቱ ራሱ የረጅም ጉዞ ውጤት ነው። ጥሬው የሚቀልጠው በፍልስጥኤም ጠረፍና በግብፅ ነበር። አሸዋውን ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ናትሮን የተባለ ጨው በአብዛኛው የሚመጣው ከግብፁ ዋዲ ናትሩን ነው። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ቦታ በሌላ ስሙ ያውቀዋል፤ ገዳመ አስቄጥስ ነው፣ የአባ መቃርስ ምድረ በዳ፣ በመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያውያን መነኮሳትም የኖሩበት። በአንድ ሸለቆ መነኮሳቱ ከዓለም ሸሽተው ሲጸልዩ፣ ከዚያው ሸለቆ ሐይቆች የተጫነው ጨው ደግሞ የዓለምን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ወደሚያበራ መስተዋት ይለወጥ ነበር።

የቀለጠው መስተዋት በማዕድን ይቀለማል፤ ኮባልት ሰማያዊ፣ መዳብ ደግሞ እንደ እሳቱ ሁኔታ አረንጓዴ ወይም ቀይ ይሰጣል። ከዚያ እንደ ቂጣ ተዘርግቶ ይቀዘቅዛል። በቬኒስ በ1888 የተመሠረተው የኦርሶኒ ፋብሪካ ስማልቲ የሚባለውን ይህን የሞዛይክ መስተዋት ዛሬም በዚያው መንገድ ያፈስሳል። ባለሙያው ዝርጉን ግንድ ላይ በተተከለ ስለት ላይ አስደግፎ በሹል መዶሻ እየመታ ይከፍለዋል። የተሰበረው ጎን ነው ወደ ተመልካቹ የሚዞረው፤ ስብራቱ ብርሃን ይይዛልና።

ወርቁ ከሁሉ ይለያል። እስትንፋስ የሚያበርረው ስስ የወርቅ ቅጠል በመስተዋት ላይ ይነጠፋል፤ በላዩ ደግሞ ከአንድ ሚሊሜትር የቀጠነ ሌላ መስተዋት ይደረብና እሳት ያዋሕዳቸዋል። ወርቁ በሁለት መስተዋት መካከል ታትሞ ስለሚቀር አይዝግም፣ አይፋቅም፣ የሻማ ጭስም አይደርስበትም። ለፊትና ለእጅ ግን የቢዛንታይን ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ መስተዋቱን ትተው ወደ ድንጋይ ተመልሰዋል። እብነ በረድና ሌላ ለስላሳ ድንጋይ ከሌላው ሥዕል ባነሰ መጠን ቆርጠው የጉንጩን ሥጋ መልክ ሰጥተውታል። ልብሱና ሰማዩ ያንጸባርቃል፤ ፊቱ ብርሃኑን ይውጠዋል። ይህ ምርጫ ነገረ ሃይማኖት ተምሮ የተደረገ ይሁን ወይም ከእጅ ልምድ የመጣ፣ ውጤቱ አንድ ነው፤ ሰውነቱ ከመሬት፣ የከበበው ብርሃን ከእሳት።

አተካከሉ ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። ግድግዳው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ በኖራ ይለሰናል። የመጨረሻው ልስን በአንድ ቀን ሊተከልበት የሚችለውን ያህል ብቻ ይቀባል፤ በእርጥቡ ላይ ሥዕሉ በቀለም ይነደፍና ጠጠሩ በጣት ተገፍቶ ይገባል። ጎበዝ ባለሙያ ሁሉንም በአንድ ደረጃ አያስተካክልም። የወርቁን ቁራጮች ብዙ ጊዜ ወደ ታች፣ ከሥር ወደ ቆመው ምእመን ያዘነብላቸዋል። አንዱ ትንሽ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ሲያጋድል የመቅረዙ ነበልባል በተወዛወዘ ቁጥር ግድግዳው ይንቀሳቀሳል። በደብረ ሲና በንጉሥ ዮስጢንያኖስ ዘመን ቤተ ክርስቲያኑ ሲሠራ በመቅደሱ ጣራ ላይ የተሠራው የደብረ ታቦር ሞዛይክ የዚህ ጥበብ ከፍታ ነው። ርእሱ ራሱ ብርሃን ነው፤ ክርስቶስ በሦስቱ ሐዋርያት ፊት ሲያበራ። ገዳሙ ከቢዛንታይን ነገሥታት ክንድ ውጭ ስለነበር ሥዕሉ ከሥዕላት ጥፋት ዘመን ተርፎ እስከ ዛሬ ደርሷል።

ጥፋቱ ከቁስጥንጥንያ የተነሣው በንጉሥ ሣልሳዊ ልዮን ዘመን፣ በ720ዎቹ መጨረሻ ነው። ሙግቱን ወደ ጥልቁ ያስገባው ግን ልጁ አምስተኛው ቆስጠንጢኖስ ሆነ። ይህን ንጉሥ እንደ አላዋቂ አፍራሽ ማየት ስሕተት ነው፤ ክርክሩ ስለታም ነበር። እውነተኛ መልክ ከባለቤቱ ጋር በባሕርይ አንድ መሆን አለበት አለ፤ እንጨትና ጠጠር ደግሞ ከክርስቶስ ጋር በባሕርይ አንድ አይደሉም። ሠዓሊው የክርስቶስን ሥጋ ብቻ ሣለ ከተባለ ሥጋን ከመለኮት ለይቷል፤ መለኮትንም ሣለ ከተባለ የማይወሰነውን ወስኗል። ስለዚህ እውነተኛው የክርስቶስ መልክ ቅዱስ ቁርባን ብቻ ነው። በ754 በሒየሪያ የተሰበሰቡ 338 ጳጳሳት ሥዕላትን አወገዙ። በቁስጥንጥንያ፣ ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ቆስጠንጢኖስ ባሳደሰው በቅድስት ኢሬኔ ቤተ ክርስቲያን መቅደስ ላይ በወርቅ መካከል አንድ ጥቁር መስቀል ብቻ ተተከለ። ዛሬም አለ፤ ከርሱ ፊት የቆመ ሰው የሥዕል ጠላቶች የተባሉት ሰዎች ውበትን አለመጥላታቸውን በዓይኑ ያያል።

ከነገሥታቱ ሥልጣን ውጭ፣ በኸሊፋዎቹ ግዛት ሆኖ መልስ የሰጠው ዮሐንስ ዘደማስቆ ነው። ቤተሰቡ ለኡመያድ መንግሥት ያገለገለው ይህ ሊቅ መልሱን በቁስ ላይ መሠረተ፦ ፈጣሪ ራሱ ሥጋ ከለበሰ፣ ድኅነትም በቁስ አማካይነት ከተፈጸመ፣ ቁስን መናቅ ያንን ሥራ መናቅ ነው። የሚመለከው ቁሱ ሳይሆን የቁስ ፈጣሪ ነው። ሁለተኛው ታላቅ ተከራካሪ ቴዎድሮስ ዘስቱዲዮን (759–826) ደግሞ የጉዳዩን ሌላ ጫፍ ያዘ። ሥዕሉና ባለቤቱ በባሕርይ አንድ አይደሉም፤ አንድ የሚሆኑት በመልክ ነው። የማኅተም ቀለበት በሰም፣ በጭቃ ወይም በሙጫ ላይ ቢያርፍ ማኅተሙ ያው አንዱ ነው፤ ከሰሙም ከጭቃውም ጋር አይዋሐድም። መልኩ ከጠፋ የቀረው ቁስ ተራ እንጨት ነው፤ ወደ እሳት ሊጣል ይችላል።

ቴዎድሮስ የዮርዳኖስን ወለል ቢያይ ንድፈ ሐሳቡ በተግባር ሲፈተን ባየ ነበር። ድንጋዩ ሁሉ አለ፤ መልኩ የለም፤ ስለዚህ ክብርም የለም። በዚህ ነገር ትክክል ነው። ሰዎቹ ራሳቸውም በሥራቸው የመሰከሩት ይህንኑ ነው፤ ጠጠሩን ሳይሆን አደራደሩን ነውና ያነሡት። በ787 በኒቂያ የተሰበሰበው ጉባኤም በዚሁ መንገድ ወሰነ። ሥዕላት በቀለምም ሆነ በጠጠር ተሠርተው በአብያተ ክርስቲያናት፣ በንዋያተ ቅድሳት፣ በግድግዳ፣ በቤትና በመንገድ እንዲኖሩ ፈቀደ። የባሕርይ ስግደት ለአምላክ ብቻ መሆኑን፣ ለሥዕል የሚገባው የአክብሮት ስግደት እንደሆነና ክብሩም ወደ ባለቤቱ እንደሚያልፍ ቅዱስ ባስልዮስን ጠቅሶ ደነገገ። ፍጻሜው ግን ገና ነበር። በ815 ክልከላው ተመልሶ መጣ፤ ሥዕላት በቋሚነት የተመለሱት በ843 ነው።

ይሁንና የቴዎድሮስ መልስ ሁሉን አይሞላም። ይህን የሚያሳየው ራቬና ነው። በጣሊያን የነገሠው አርዮሳዊው ጎት ቴዎዶሪክ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን፣ ዛሬ ሳንት አፖሊናሬ ኑኦቮ የሚባለው፣ በግድግዳው የቤተ መንግሥቱ ሥዕል ነበረበት። በዓምዶቹ መካከል ሰዎች ቆመው ነበር፤ ንጉሡና ባለሟሎቹ ሳይሆኑ አይቀሩም። ራቬና በ540 በዮስጢንያኖስ ጦር እጅ ከገባች በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ለኦርቶዶክሳውያን ተላለፈ። በሊቀ ጳጳሱ አግኔሉስ ዘመን ሰዎቹ ተነቅለው በቦታቸው ነጭ መጋረጃና ወርቅ ተሞላ። ዓምዶቹ ላይ ግን እጆች ቀርተዋል። አንድ ክንድ ከመጋረጃው ጀርባ መጥቶ ነጩን ዓምድ ያልፋል፤ ጣቶቹ ተዘርግተዋል፤ ባለቤቱ የለም።

ለምን ቀሩ? ምናልባት ምክንያቱ የእጅ ሥራ ጉዳይ ነው። እጁ የተተከለው ከዓምዱ ጠጠር ጋር ተጠላልፎ ስለነበር እርሱን ለማውጣት ዓምዱን እንዳለ ማፍረስ ያስፈልግ ነበር። ምክንያቱ ይህ ከሆነ ግን ለነገረ ሃይማኖቱ ትልቅ ነገር ይናገራል። ቁሱ ማኅተሙን ተቀብሎ ዝም ብሎ የሚተው ሰም አይደለም። የተሠራበትን መንገድ ይይዛል፤ የጎረቤቱን ጠጠር ይዞ ይቆያል፤ ሊያጠፋው የመጣውን ሰው እጅ ይገድባል። ዮሐንስ ዘደማስቆ ቁስን ለማክበር የሰጠው ምክንያት እዚህ ሥጋ ለብሶ ይታያል። መልክ ብቻውን አይኖርም፤ ቁስ ብቻውንም አይናገርም፤ ሁለቱ አንድ ጊዜ ከተዋሐዱ በኋላ ግን መለያየታቸው ያለ ጠባሳ አይፈጸምም።

ከራቬናም የበለጠ ምስክር የሆነው በኒቂያ ራሷ ነበር። በከተማይቱ በነበረው የእመቤታችን ፍልሰት ቤተ ክርስቲያን መቅደስ መጀመሪያ ድንግል ማርያም ልጇን ይዛ ቆማ ነበር። በክልከላው ዘመን ተነቅላ በመስቀል ተተካች። ከ843 በኋላ መስቀሉ ተነቅሎ ድንግል ተመለሰች። ወርቁ ላይ የመጀመሪያው መልክ ዙሪያ፣ የመስቀሉ ክንዶችና የአዲሱ መልክ ስፌት ሦስቱም በግልጽ ይነበቡ ነበር፤ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ግን በ1922 በግሪክና በቱርክ ጦርነት ፈረሰ። የአንድ መቶ ዓመት ሙግት በአንድ ግድግዳ ላይ የጻፈው ያ ወርቅ አሁን ያለው በፎቶግራፍ ብቻ ነው። ጉባኤው በተደረገባት ከተማ ይህ መሆኑ ልብን ያሳዝናል።

በቁስጥንጥንያዋ ሐጊያ ሶፊያ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ታሪኩ ተገላቢጦሽ ነው። ፓትርያርክ ፎጥዮስ መጋቢት 29 ቀን 867 በመቅደሱ ጣራ ላይ የተሠራውን የድንግል ማርያም ሥዕል ባረከ። በዙሪያው የተጻፈው ጽሑፍ ከሐዲዎች ያወረዱትን ሥዕል ደጋግ ነገሥታት እንደገና እንዳቆሙ የሚናገር ነበር። ግድግዳውን ለዓመታት የመረመሩ ባለሙያዎች ግን ከዚያ በፊት በቦታው የሰው መልክ እንደነበረ የሚያሳይ ስፌት አላገኙም። የዮስጢንያኖስ ሐጊያ ሶፊያ በአብዛኛው በወርቅና በመስቀል ያጌጠች ነበረች። ተመለሰ የተባለው ነገር ምናልባት እዚያ ፈጽሞ አልነበረም፤ አሸናፊዎች የሚያስታውሱት የራሳቸውን ታሪክ ነው፤ ኖራው ግን አይሳሳትም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እስከ ኤፌሶን ያሉትን ሦስቱን ዓለም አቀፍ ጉባኤያት ብቻ ስለምትቀበል የ787ቱ ውሳኔ በሕጓ ውስጥ የለም። ሥዕልን ግን አክብራ ኖራለች፤ የጸጋ ስግደትና የባሕርይ ስግደት ልዩነትም በአፍ በመጽሐፍ ይታወቃል። ሙግቱም ኢትዮጵያን አላለፋትም። በዐሥራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት ከሥላሴ በቀር ለማንም አንሰግድም ብለው ለሥዕለ ማርያምና ለመስቀል መስገድን እምቢ አሉ። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብም በእነርሱ ላይ የፈጸመው ቅጣት እጅግ የከፋ ነበር። ፍሬ ጽዮን የተባለው ሠዓሊ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘውን የእመቤታችንን ሥዕል ስሙን ጽፎ የተወውም በዚሁ ምዕት ዓመት ነው። ያን ሥዕል የሚወድ ሰው የእነዚያን መነኮሳት ጽናትም ማክበር ይችላል፤ ሁለቱም ያሰቡት አምላክ የሚገባውን ክብር እንዳያጣ ነበርና።

ጥያቄው በዘመናችን ወደ ፍርድ ቤትም ገብቷል። በቆጵሮስ፣ ሊትራንኮሚ መንደር ያለው የፓናጊያ ካናካሪያ ቤተ ክርስቲያን የስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሞዛይክ ነበረበት፤ ድንግል ማርያም፣ ልጇ፣ መላእክትና ሐዋርያት። ከዚያ ዘመን ተርፈው ከደረሱ ጥቂት የመቅደስ ሞዛይኮች አንዱ ነው። ከ1974ቱ ጦርነትና የደሴቲቱ ክፍፍል በኋላ ሌቦች በቁርጥራጭ ከግድግዳው ላይ ነቀሉት። በ1988 አንዲት አሜሪካዊት የጥበብ ነጋዴ አራት ቁራጮችን ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍላ ገዛች። የቆጵሮስ ቤተ ክርስቲያን ከሰሰች፤ በ1989 በኢንዲያናፖሊስ የፌዴራል ፍርድ ቤት ፈረደላት፤ ቁራጮቹም በ1991 ወደ ኒቆስያ ተመለሱ። ሌሎች ሐዋርያት ደግሞ ቆየት ብለው ተገኝተዋል፤ ቶማስ በ1997 በሙኒክ፣ ማርቆስ በ2018።

ዛሬ ቁራጮቹ ያሉት በኒቆስያ ሙዚየም ነው፤ የተነቀሉበት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በሰሜኑ፣ ቱርክ በምትቆጣጠረው የደሴቲቱ ክፍል ነው። በቴዎድሮስ ዘስቱዲዮን ሚዛን ምንም አልጎደለም፤ የማርቆስ መልክ አለ፣ መልኩ ያለበት ሁሉ ክብሩ ይደርሳል። እያንዳንዱ ጠጠር ግን ሲተከል ማዘንበሉ የተለካው ለዚያ ክብ ግድግዳ፣ ከሥሩ ለሚቆም ምእመንና ከቅዳሴው ጋር ለሚበራ መብራት ነበር። የሙዚየም አምፖል ከአንድ አቅጣጫ፣ ሳይነቃነቅ ያበራል። ሥዕሉ በቁስና በመልክ፣ በብርሃንና በተመልካች መካከል የሚኖር ነገር ከሆነ፣ በኒቆስያ ያለው የሥዕሉ ከፊል ነው። ስለዚህ የደሴቲቱ ሁኔታ በፈቀደ ጊዜ ቁራጮቹ ወደ ሊትራንኮሚ ተመልሰው በቀድሞው መቅደስ መተከል አለባቸው፤ የተጎዳው ቦታ በአዲስ ጠጠር ሳይሸፈን፣ ስፌቱ እንደ ኒቂያ ወርቅ እየታየ።